ያወቀ ይያዘው

ባለፈው ኅዳር አባቴን ጠይቄ ስመለስ፣ ከገንዳ ውሃ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ በሰሊጥ ታጭቆ ነበር። ጣራው ላይ ጆንያ ነው፣ የኋላ ወንበር ሥር ጆንያ ነው፤ እግሬ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጎንደር ላለች ልጃቸው የቋጠሩት ሰሊጥ አለ። "እግርሽን ጣል አድርጊበት፣ አይከፋውም" አሉኝ። ጣል አደረግሁበት። መስኮቱ አይከፈትም፤ ሙቀቱ ሲበረታ የአዲስ ሰሊጥ ሽታ ከየጆንያው እየተነሣ መኪናውን ሞላው። ቅባት ቅባት የሚል፣ አቧራና ደረቅ ሣር የተቀላቀለበት ሽታ ነው። ከኋላዬ የነበረ ተሳፋሪ አፍንጫውን በፎጣ ሸፈነ። የደጋ ሰው መሆን አለበት። እኔ ግን ያ ሽታ በመጣ ቁጥር አራተኛ ክፍል ነኝ፤ ምንም ላደርገው አልችልም።

የእኛ መንደር ከኮኪት ወጣ ብላ፣ ዙሪያዋን ሰሊጥና ማሽላ የከበባት ትንሽ መንደር ናት። ትምህርት ቤታችን አራት ክፍል ያለው የቆርቆሮ ቤት ነበር፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ጠንከር ስትል ጣራው ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ደወላችን የከባድ መኪና ቸርኬ ነበር። ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ፣ በብረት ሲመታ ድምፁ እርሻ ድረስ ይሰማል። እናቴ ምሳ የምትጥደው እሱን ሰምታ ነው።

ቤቱም ደወሉም ነበረን፤ የማይበረክትልን መምህር ነበር። መስከረም ላይ ይመጣሉ፤ ጥቅምት ላይ ወባ ትይዛቸዋለች፤ ኅዳር ላይ ሰሊጥ የጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው ሽቅብ ይሄዳሉ። ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለት መጥተው ሁለቱም ሄደዋል። የቀረውን ዓመት የሁለተኛ ክፍል መምህርት በሁለቱ ክፍሎች መካከል ባለው በር ላይ ቆማ፣ ፊቷን አንዴ ወደነሱ አንዴ ወደኛ እያዞረች አስጨረሰችን። ስለዚህ አዲስ መምህር ሲመጣ እኛ ልጆች ምን እንደሚያስተምር አንጠይቅም፤ ጭንቀታችን ይቆያል ወይስ አይቆይም ነው። ምልክቶች ነበሩን። ትልቅ ሣጥን ይዞ የመጣ ይቆያል። አልጋ የገዛ ይቆያል። ውሃ በጠጣ ቁጥር የአገሩን ምንጭ የሚያነሣ ግን ሁለት ወር አይሞላውም።

መምህር ይበልጣል የመጣው በትንሽ ሻንጣ ነው፤ ያውም ሹራብ ለብሶ። በዚያ ሙቀት ሹራብ። ከጎጃም ነው አሉ፤ ወጣት ነው፣ ቀጭን ነው፣ ሲናገር ቅላጼው ያስቀናል። አጠገቤ የምትቀመጠው አለሚቱ ገና ከበሩ ሲገባ አይታው በክርኗ ጎሰመችኝና እስከ ጥቅምት አጋማሽ ሰጠችው። እኔ እስከ መስከረም መጨረሻ ነበር የሰጠሁት።

እሱ ግን እንደ ሌሎቹ ስም ጠርቶ፣ ቀን ጽፎ፣ "ደብተር አውጡ" ብሎ አልጀመረም። ከሻንጣው አፏ በገመድ የሚቋጠር የካኪ ከረጢት አወጣና በየዴስኩ መዞር ጀመረ። ሳናይ እጃችንን እያስገባን ውስጧ ያለውን እንድንዳስስ ነገረን። መናገር ክልክል ነው። ከፊት የተቀመጠው ሙሉቀን ገና ከመንካቱ አፉን ሊከፍት ሲል ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገበት።

"ያወቀ ይያዘው" አለ። "ደወል ሲደወል እቀበላችኋለሁ።"

ተራዬ ሲደርስ እጄን ሰደድኩ። ብረት ነው፤ ቀዝቃዛ፣ ክብ፣ መሃሉ ክፍት፣ ሲነኩት ውስጡ የሚሽከረከር። ከረጢቷ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለች። ወዲያው አወቅሁት። ጎረቤታችን ትራክተሩን ሲፈታ አጠገቡ ቆሜ ነው የማድገው፤ ኩሽኔታ ነው። እሱ ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለና ስለ መሃልና ስለ ዙሪያ ማስተማር ቀጠለ። እኔ ያን ክፍለ ጊዜ ሙሉ መልሱን አፌ ውስጥ ይዤ ተቀመጥኩ፤ ምራቄን ለመዋጥ እንኳ ፈራሁ። ቸርኬው ሲመታ ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ኩሽኔታ" ብሎ ጮኸ። ሦስተኛ ክፍሎች ምን ሆኑ ብለው በመስኮት ሊያዩን መጡ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሆነ። አንድ ቀን አራት ቦታ የተከፈለ የጥጥ ፍሬ፤ ክፍልፋይ ልንማር ነው። አንድ ቀን ከሽንፋ ወንዝ የመጣ ለስላሳ ድንጋይ፤ ውሃ ድንጋይን ምን እንደሚያደርገው ልንማር ነው። አንድ ቀን እንቁላል፤ እሱን ሙሉቀን ጨመቀውና ከረጢቷ ታጥባ አጥር ላይ ስለተሰጣች ያን ቀን ትምህርት ሁሉ ሐዘን ሐዘን አለን። ከረጢቷን "እሜቴ" ነበር የምንላት፤ ሁላችንም አጎንብሰን ስለምንቀበላት ነው።

እሜቴ የምትዞረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያረፈደ አይደርሳትም። ቁጣም አርጩሜም የለም፤ ዝም ብሎ ሌላው ሰው አፉን ሞልቶ ተቀምጦ እሱ ባዶውን ይቀመጣል። ድሮ ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ እየተንጠባጠብን የምንገባ ልጆች ከደወል በፊት በር ላይ መጋፋት ጀመርን። በቤታችን የጠዋት ውሃ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። ጀሪካኑን አዝዬ ከጉድጓዱ እስከ ቤት እሮጣለሁ፤ ክዳኑ ስለማይገጥም ውሃው ጀርባዬን ያበሰብሰዋል፤ በእርጥብ ቀሚሴ ክፍል እገባለሁ። ቀሚሴ እስኪደርቅ ድረስ ከክፍሉ ሁሉ የማይሞቀኝ እኔ ነበርኩ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማስበው ዛሬ እሜቴ ሆድ ውስጥ ምን አለ የሚለውን ነው። ያን ሰውዬ እወደው ነበር፤ እንዲህ አድርጌ የወደድኩት መምህር የለም።

ታዲያ አንድ ነገር ያሳስበኝ ነበር። እኔ በማውቀው ዓለም የሚጠይቅ ሰው የማያውቅ ሰው ነው። አባቴ "አህያዋ ወዴት ሄደች?" የሚለው ስለማያውቅ ነው። የቀድሞዎቹ መምህራን ይነግሩን ነበር እንጂ አይጠይቁንም፤ ስለዚህ ያውቃሉ። የመምህር ይበልጣል ጥያቄ ግን ማለቂያ የለውም። ይህ ምንድን ነው? የት ይበቅላል? ለምን ከላይ ተከፈተ? ስንመልስለት ዓይኑን ከፍቶ ያዳምጣል፤ ይባስ ብሎ ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። መምህር ተማሪ የነገረውን ሲጽፍ ያየሁት ያኔ ነው። እኔም ደመደምኩ። ይህ ምስኪን ምንም አያውቅም። እሜቴን የሚያዞራት መልሱን ከእኛ ለመስማት ነው፤ እስከ ደወል የሚያቆየን ደግሞ እስከዚያ እንዳይነቃበት ነው። ለአለሚቱ በጆሮዋ ነገርኳት። እሷም ጠርጥራ ኖሯል። በሳምንቱ ክፍሉ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ግን ከክፍሉ ውጭ አንድም ሰው አልነገርንም። ታላላቆቹ ከሰሙ ያባርሩታላ።

ስለዚህ ላስተምረው ቆረጥኩ። በእረፍት ሰዓት ከእርሻችን ያመጣሁትን እያሳየሁ አስረዳዋለሁ፤ ይህ የማሽላ አገዳ ነው፣ ይህኛው ይመጠጣል፣ ያኛው አይመጠጥም። እሱ ደግሞ "እሺ፣ ከዚያስ?" ይላል። "ከዚያስ" ባለኝ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

ጥቅምት ሲገባ ሰሊጡ ከሥሩ ቢጫ ማለት ጀመረ። ማጭድ የያዙ የደጋ ሠራተኞች በየመንገዱ ፈሰሱ። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም፤ ታጭዶ ይታሰራል፣ ነዶው እንደቆመ ሂላ ሆኖ ይከመራል፣ ሲደርቅ ፍሬው አፉን ይከፍታል፣ በሰዓቱ ሸራ ላይ ካልተገለበጠ ነፋስ መሬት ላይ ያፈስሰዋል። በእኛ አገር በጥቅምትና በኅዳር ልጅ ከትምህርት ቤት ይጠፋል፤ ማንንም አይደንቀውም። አባቴም እንደየዓመቱ ከነገ ጀምሮ ለሠራተኞቹ ውሃ እንደማመላልስ ነገረኝ። እኔ ግን እንደ ሌላው ዓመት ዝም ብዬ አልሄድኩም፤ አለቀስኩ። እናቴ ገባችበት። በመጨረሻ እስከ ሁለተኛው ደወል ተምሬ ወደ እርሻ እንድሄድ ሆነ። አባቴ "ተማም" አለ። ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ሲስማማ የሚላት ቃል ናት፤ እሷን ካለ አይመለስም።

አንድ ረፋድ ሂላው ጥላ ሥር ተቀምጦ እኔ ያመጣሁትን ውሃ ሲጠጣ፣ ለአንዲት ከረጢት ያን ያህል ያስለቀሰኝ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። ሆዴ አልቻለም። ለማንም እንዳይናገር አስምዬ፣ መምህራችን ምንም እንደማያውቅ፣ ትናንት እንኳ "ሰሊጥ መድረሱ በምን ይታወቃል?" ብሎ እንደጠየቀን፣ ካወቁበት እንደሚያባርሩት ነገርኩት። አባቴ ጣሳውን ከአፉ አወረደ።

"ኧረ ምስኪን" አለ። "ማንም አልነገረውማ።"

በማግስቱ የክት ሸሚዙን ለብሶ፣ አንድ ነዶ ሰሊጥ በትከሻው ይዞ ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት መጣ። መምህር ይበልጣል ከክፍሉ ወጣ። አባቴ ኮፍያውን አውልቆ እንዴት አደሩ ካለው በኋላ፣ እንዳይሳቀቅ፣ ሁሉም ሰው የማያውቀው ነገር እንዳለ፣ እሱም ፊደል እንደማይቆጥር ነገረው። እኔ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። መምህሩ አንድ ጊዜ ወደ እኔ አየ። ከዚያ እዚያው ቁጢጥ አለና ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ያለ አድማጭ አግኝቶ አያውቅም። እንዴት እንደሚታሰር፣ ለምን ሳይዘቀዘቅ እንደሚሸከሙት፣ ነፋስ ከየት ሲመጣ ሂላው ወዴት እንደሚያዘነብል አንድ በአንድ አሳየው። በመጨረሻ ጋዜጣ አስነጥፎ ነዶውን ገለበጠው። ሰሊጡ ሽር ብሎ ወረደ። መምህር ይበልጣል ሳቀ፤ ከልቡ ነበር የሳቀው፤ እንደገና ገልብጥልኝ አለው። ያን ቀን እሜቴ ውስጥ የነበረው ባዶ የሰሊጥ ፍሬ ነው።

አባቴ ደስ ብሎት ሄደ። ደስታውን ግን ብቻውን አልያዘውም። ወፍጮ ቤት ነገረ፣ ሻይ ቤት ነገረ። ልጁ ጨዋ ነው፣ ልቡ ንጹሕ ነው፣ ባዶ ቢሆንም ይማራል፣ እንያዘው እያለ ነው የተናገረው። ክፋት የለበትም። መንደሩ ግን ከዚያ ሁሉ ውስጥ "ባዶ" የሚለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ልጆቹን ከረጢት ሲያስዳብስ ይውላል፣ ለዚህ ነው ልጆቻችንን ከሰሊጥ ያስቀረነው የሚል ሌላ ወሬም ተጨመረበት።

በጥቅምት መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ አንድ እንግዳ አስከትሎ ክፍላችን ገባ። ተቆጣጣሪ ነው ተባለ። ኮት ለብሷል፤ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ ከኋላ ተቀመጠ። እሜቴ ዞረች። ሰውየው ሰዓቱን አየ። ሙሉቀን ጨዋነቱ ይዞት ለሰውየውም ሊያደርሳት ከረጢቷን ዘረጋለት፤ ሰውየው እጁን ሰበሰበ። ዙሩ ሲያልቅ ብድግ ብሎ ወደ ፊት መጣና፣ መምህራችን ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚያስተምረን ማን እንደሚነግረው ጠየቀ።

እጄን ማንም አልቀደመውም። ሊወስዱት እንደመጡ ገብቶኛል፤ ለዚህ ቀን ስዘጋጅ ነው የከረምኩት። ተነሥቼ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

"እኛ ነን ጋሼን የምናስተምረው" አልኩ። "መጀመሪያ ምንም አያውቅም ነበር። አሁን ብዙ አውቋል። አባቴም ሰሊጥ አስተምሮታል። ትንሽ ቢቆይ ሁሉንም ይጨርሳል።"

ማንም አልሳቀም፤ ክፍሉ እኮ አምኖበታል። አለሚቱ እንዲያውም ራሷን ነቀነቀች። ርዕሰ መምህሩ መሬት መሬት ያያል። እኔ ምስጋናዬን ለመቀበል ወደ መምህር ይበልጣል ዞርኩ። ፊቱ ቀልቶ ነበር። ከዚያ ፈገግ አለ።

"ትርንጎ እውነቷን ነው" አለው ሰውየውን። "ስመጣ ስለዚህ አገር ምንም አላውቅም ነበር። አስተምረውኛል።"

ሰውየው ጻፈ። እኔ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ደወል ሲመታ እስከ እርሻ በሩጫ ሄጄ ለአባቴ መምህሩን እንዳዳንኩት ነገርኩት። እዚህ ላይ በደረስኩ ቁጥር ያን ሩጫዬን ነው የምጠላው፤ እየዘለልኩ ነበር የምሮጠው።

በማግስቱ እሜቴ ከሰሌዳው ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅላ አገኘናት። ሆዷ ባዶ ነው። መምህር ይበልጣል ስም ጠራ፣ ቀን ጻፈ፣ "ደብተር አውጡ" አለና ከመጽሐፉ ያስገለብጠን ጀመር። ሙሉቀን እሜቴስ ብሎ ጠየቀ። ትንሽ ትረፍ አለው። በማግስቱም አረፈች፤ በሦስተኛውም ቀን አረፈች። ሳምንት ሳይሞላ ዴስኮቹ መሳሳት ጀመሩ፤ ልጁ ምን ብሎ ይሩጥ? አለሚቱ ጥጥ ለቀማ ገባች። እኔም ስለ ሁለተኛው ደወል ከአባቴ ጋር መከራከር ተውኩ፤ ከጠዋት ጀምሮ እርሻ መዋል ጀመርኩ።

አኩርፌው ነበር። ለምን ከረጢቷን እንደሰቀላት በራሴ መንገድ አውቄዋለሁ። ከእኛ የሚፈልገውን ሁሉ ተምሮ ጨርሷል፤ ከእንግዲህ አያስፈልገንም ብሎ ነው። ይህን እያሰብኩ ሁለት ሳምንት ውሃ አመላለስኩ። ቸርኬው ሲመታ ጆሮዬን እደፍናለሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዎቹ ነዶዎች ሲገለበጡ አባቴ ጠራኝ። ሸራው ዳር ቆሟል፤ ዓይኔን አያየኝም። መምህርሽ ተዛውሯል፣ ነገ ሰሊጥ በሚጭነው መኪና ይሄዳል አለኝ። የት እንደሆነ እሱም አያውቅም። ማጭዱን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

"የኔ ልጅ" አለኝ፣ "ሰውየው እያወቀ ነበር የሚጠይቃችሁ። ርዕሰ መምህሩ ነው ዛሬ የነገረኝ። እያወቀ ነበር።" ቀጥሎም "እኔና አንቺ ነን የሸኘነው" አለ።

ያን ጊዜ የተሰማኝን እስከ ዛሬ በደንብ መናገር አልችልም። ሰሊጡ ይወርዳል፣ ሠራተኞቹ ይዘፍናሉ፣ እኔ ጀሪካኑን አቅፌ ቆሜያለሁ። ያ ሁሉ "ከዚያስ?" ለእኔ ሲል እንደነበር በአንድ ጊዜ ገባኝ።

በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ሮጥኩ። አባቴ አይቶኛል፤ አልጠራኝም። ክፍል ውስጥ የነበርነው ዘጠኝ ልጆች ነን። ሻንጣው በር ሥር ተቀምጧል፤ ያችው ትንሽ ሻንጣ ናት፣ ሹራቡ ከላይዋ ተጣጥፏል። መምህር ይበልጣል ስም አልጠራም። ሚስማሩ ጋ ሄዶ እሜቴን አወረዳት። ሆዷ ነፋ ብሏል። ለሰሊጥ አጨዳ ከትውልድ አጥቢያው የመጣ ሠራተኛ ከእናቱ አንድ ነገር እንዳመጣለት፣ ይህ ከእሱ አገር እንደሆነ፣ እስከ ዛሬ እኛ የምናውቀውን ሲያስዳስሰን እንደከረመና ዛሬ ተራው የእሱ እንደሆነ ነገረን።

እጄን አስገባሁ። እንደዚያ ያለ ነገር ነክቼ አላውቅም። ረጅም ነው፤ ጎንና ጎኑ ላይ ጠንካራ ፍሬ ፍሬ ተደርድሯል፤ ጫፉ ላይ ከጣቴ የሚረዝም ሸካራ ፀጉር አለው። በአንድ በኩል ሲስቡት ይንሸራተታል፤ በሌላው በኩል ሲስቡት ይይዛል። እጄን ላወጣ ስል እጅጌዬ ውስጥ ገባ፤ ስጎትተው ወደ ክንዴ ይወጣል። ሙሉቀን ቀድሞኝ ነክቶ አባ ጨጓሬ ነው ብሎ እንደሚያስብ ከፊቱ ይታወቃል። እኔ መጥረጊያ ነው አልኩ በሆዴ፤ ወዲያው ደግሞ አይደለም አልኩ። በዚያ ዓመት ካለፉት መልሶች ሁሉ ያን አንዱን ማወቅ ነበረብኝ። ይቅርታ የምጠይቅበት ሌላ መንገድ አይታየኝም ነበር።

እሱ ሰሌዳው ላይ "ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ መስመር እያሰመረ ሳለ ከውጭ የመኪናው ጥሩምባ ተነፋ። ርዕሰ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ሰዓቱን በጣቱ አሳየው። መምህር ይበልጣል ጠመኔውን አስቀመጠ፣ እጁን አራገፈ፣ ከረጢቷን ቋጥሮ ብብቱ ሥር ከተታት። ሙሉቀን ሊያለቅስ ደርሶ መልሱን ሳይነግረን እንዴት እንደሚሄድ ጠየቀው።

"ደወል አልተደወለም እኮ" አለ። "ያወቀ ይያዘው።"

እኔ ጋ ሲደርስ ቆመ። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ አልወጣ አለኝ። እጁን ራሴ ላይ አሳረፈና ሰሊጣችን ተገልብጦ እንዳለቀ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት።

"አልፈሰሰም?"

"ትንሽ ፈሰሰ" አልኩ።

"ትንሽማ ይፈስሳል" አለኝ።

መኪናው አቧራውን አስነሥቶ እስኪጠፋ አጥሩ ላይ ተንጠልጥለን አየነው። ከዚያ ወደ ክፍል ተመልሰን ደወሉን ጠበቅን። ዘጠኛችንም ዝም ብለን ተቀምጠን ጠበቅን። ለካ የዚያ ሳምንት የደወል ተረኛ እሱ ራሱ ነበር። ቸርኬው ያን ቀን አልተመታም፤ ጣራው ቀጭ ቀጭ ሲል ቆይተን አንድ በአንድ ወደየእርሻችን ወጣን። እጅጌዬ ላይ አንዲት ቢጫ ፀጉር ተሰክታ ቀርታ ነበር። መጽሐፌ መካከል አስቀመጥኳት፤ እስከ ክረምት ድረስ ነበረች።

አባቴ አርጅቷል። በሄድኩ ቁጥር፣ ዘንድሮም፣ ያ ልጅ የት ደርሶ ይሆን ይለኛል። አላውቅም። ያ ልጅ ዛሬ ጢሙ ሸብቶ ይሆናል፤ አባቴ ዘንድ ግን አሁንም ልጅ ነው፣ አሁንም ሹራብ ለብሷል።

ለማንኛውም፣ አውቶቡሱ አይከልን አለፍ እንዳለ የኋላ ጎማው ፈነዳ። ወረድን። አየሩ ቀዝቅዟል፤ የሰሊጡ ሽታ ግን ልብሴ ላይ አለ። ሾፌሩ ጎማ ለመቀየር ሲንበረከክ እኔ እግሬን ላፍታታ ብዬ በመንገዱ ዳር ወዳለው እርሻ ጠጋ አልኩ። የደረሰ አዝመራ ነው፤ ወገቤ ድረስ ይደርሳል። ዓይኔ መንገዱ ላይ ሆኖ እጄን እንደዋዛ ሰደድኩበት።

ጣቶቼ ናቸው ቀድመው ያወቁት። ጎንና ጎኑ ላይ የተደረደረ ፍሬ፤ ከጣት የሚረዝም ሸካራ ፀጉር፤ በአንድ በኩል የሚንሸራተት፣ በሌላው የሚይዝ። ላወጣው ስስብ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ገብስን ቆሎውንም በሶውንም ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ በዚህ መንገድም ስንት ዓመት በመስኮት እያየሁት አልፌያለሁ። እንደቆመ በእጄ ነክቼው ግን አላውቅም ነበር። ለካ አገሩን ነው ከረጢት ውስጥ ከትቶ ያስዳሰሰን። እናቱ የላከችለትን ለዘጠኝ ልጆች አዞረው። ዓይኔ ሞላ፤ አልጠረግሁትም።

ከኋላዬ ሾፌሩ አልወልቅ ያለውን ቸርኬ በብረት መታው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ድምፁ ሜዳውን አቋርጦ ሄደ። አጠገቤ ተቀምጠው የመጡት እናት ከመንገዱ ዳር ሆነው ምነው ልጄ፣ ደኅና ነሽ አሉኝ። እኔ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄን ወደ ኋላ አድርጌ ነበር።

"ገብስ ነው፣ ጋሼ" አልኩ።